የአትክልት መክፈቻ በቆላ ጣዕም፦ ካርቦሃይድሬት ለመቀነስ የትኛውን እንምረጥ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርበው ቆሎ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ። ቀጥሎ ዳቦ ይቆረሳል። ከዚያ እንጀራ ይመጣል። ደስ የሚል ወግ ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ ወይም ሐኪም «ካርቦሃይድሬት ቀንስ» ያለው ሰው ካለ፣ ዋናው ምግብ ሳይቀርብ ድርሻው ያልቃል። ያ ሰው ወይ እጁን አጥፎ ይቀመጣል፣ ወይ ይሉኝታ ይዞት ይበላል። ሁለቱም ጥሩ አይደለም።

ለዚህ መላው የተጋገረ የአትክልት መክፈቻ ነው። ትንሽ ነገር፣ በእጅ የሚነሳ፣ ትኩስ። የቆላ ጣዕም ሲገባበት ማለትም ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ኮኮናት ወይም ማንጎ ሲነካው የበሽተኛ ምግብ መምሰሉ ይቀራል። ሁሉም ከአንድ ትሪ ያነሳል።

አገራችንም ለዚህ የተመቸ ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆማችሁ ጋቢ ትደርባላችሁ። በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በታች ሆኗል። ጋቢውም ወልቋል። ላይ ጎመኑና ተልባው አለ። ታች ሎሚው፣ ፓፓያውና ማንጎው አለ። እንዲህ በአንድ መንገድ ላይ ደጋና ቆላ የሚገናኙበት ወጥ ቤት ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ጥያቄው ምርጫው ላይ ነው። ዝኩኒ ይሻላል ወይስ አበባ ጎመን? ደበርጃን ወይስ ስንግ ቃሪያ? ማንጎ ይግባበት ወይስ ሎሚ ይበቃል? ማያያዣው እንቁላል ይሁን ወይስ ተልባ? ኦቭን የሌለውስ ምን ያድርግ?

ካርቦሃይድሬቱ በየት በኩል ይገባል?

ብዙ ሰው የሚጨነቀው አትክልቱን ሲመርጥ ነው። እኔ ግን ጭንቀቱ ቦታውን ስቷል እላለሁ። ቁጥሩን እንየው። ከ100 ግራም ጥሬ አትክልት ውስጥ ፋይበሩ (ሆድ የማይፈጨው፣ ስኳር የማይሆነው ክፍል) ሲቀነስ የሚቀረው ካርቦሃይድሬት ዝኩኒ ላይ 2 ግራም ገደማ ነው። ቆስጣም እንደዚያው። ደበርጃን፣ አበባ ጎመንና የፈረንጅ ቃሪያ 3 ግራም ገደማ ናቸው። ጥቅል ጎመን ከነሱ በጥቂቱ ይበልጣል። ካሮትና ቀይ ሥር ወደ 7 ይጠጋሉ። ድንች 15 ገደማ ነው። ስለዚህ ድንችን ከተዋችሁ፣ ካሮትና ቀይ ሥርን ካሳነሳችሁ፣ በቀሩት መካከል ያለው ልዩነት እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም።

ካርቦሃይድሬቱ በብዛት የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ ማያያዣው ነው። ሁለት ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ብቻ 12 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ይህ በግማሽ ኪሎ ዝኩኒ ውስጥ ካለው ይበልጣል። «ትንሽ ዱቄት ነገር ነስነስ አድርጌበት ነው» የሚባለው ነገር ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል። የዳቦ ፍርፋሪም ያው ዱቄት ነው።

ሁለተኛው በር ፍራፍሬው ነው። 200 ግራም ሥጋ ያለው አንድ የበሰለ ማንጎ 27 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ያንን ጨምቃችሁ አትክልቱ ላይ ካፈሰሳችሁ መክፈቻ መሆኑ ቀርቶ ጣፋጭ ሆነ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይኼ ነው። አትክልቱን በያዘው ውሃና ባላችሁ እሳት ምረጡ። የቆላውን ጣዕም ደግሞ ከፍራፍሬው ሥጋ ሳይሆን ከልጣጩ፣ ከሥሩና ከሽታው ውሰዱ።

ዝኩኒ፦ ትዕግሥት ላለው

ዝኩኒ ካርቦሃይድሬቱ ከሁሉም ያነሰ ነው። ጣዕሙ ለስለስ ያለ ስለሆነ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። ሎሚ ሲሉት ሎሚ፣ ዝንጅብል ሲሉት ዝንጅብል ይሆናል። ችግሩ 95 በመቶው ውሃ መሆኑ ነው። ያ ውሃ ካልወጣ ትሪው ላይ የተጋገረ ሳይሆን የተቀቀለ ነገር ታገኛላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ ዝኩኒ በትልቁ ቀዳዳ ፈቅፍቁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱበትና 20 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ንጹሕ ሻሽ ውስጥ አድርጋችሁ ጠምዝዙ። መጀመሪያ ኩልል እያለ ይወርዳል። ቀጥሎ ይንጠባጠባል። «በቃ ወጣ» ስትሉ ፈታችሁ፣ አገላብጣችሁ፣ እንደገና ጠምዝዙ። ሁለተኛው ጭመቂያ ላይ ብዙ አረንጓዴ ውሃ ገና እንዳለ ታያላችሁ። ሻሹ ውስጥ የሚቀረው እፍኝ የማይሞላ፣ ደረቅ ያለ፣ በእጅ ሲጨብጡት ቅርጹን የሚይዝ ነገር መሆን አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ቸኩሎ የተጨመቀ ዝኩኒ ትሪው ላይ ይበተናል።

የተጨመቀውን ከአንድ እንቁላል፣ ውሃው ከተንጠፈጠፈ ግማሽ ብርጭቆ አይብ፣ ከተፈቀፈቀ ዝንጅብልና ከሎሚ ልጣጭ ጋር አዋሕዱ። በማንኪያ ትንንሽ ክብ እያደረጋችሁ ትሪ ላይ ጣሉ። 200 ዲግሪ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ጋግሩ። መሐል ላይ አንዴ ገልብጡት።

ደብረ ብርሃን ላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ዝኩኒ ብርድ አይወድም። ከኦቭን ወጥቶ 10 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ይለሰልሳል፣ ዳርና ዳሩ የነበረው ኩርሽም ማለት ይጠፋል። እንግዶቹ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ እንጂ ገና መንገድ ላይ ሳሉ የሚጋገር ነገር አይደለም።

አበባ ጎመን፦ ኦቭን ላለው

ጥሩ ኦቭን ካላችሁ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ዳር ዳሩ ቡናማ ሲሆን ለውዝ ለውዝ የሚል ጣዕም ያመጣል። ኮኮናትም የሚስማማው ለዚያ ነው።

እዚህ ላይ ከፍታው ይታሰብ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ገደማ ነው። ኦቭኑ 220 ላይ ቢሆንም እንኳ የአትክልቱ ውስጥ ውሃው እስኪወጣ ድረስ ከዚያ የፍላት ሙቀት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ላዩ ሲያርር ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። የውጭ አገር አዘገጃጀት እንዳለ ተከትለው «ጎመኑ አልበስል አለኝ» የሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አበባውን ከአውራ ጣት ራስ ብዙ ሳይበልጥ ቁረጡት። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ትሪውን በፎይል ሸፍኑት፤ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። ከዚያ ገልጣችሁ 20 ደቂቃ ያህል አጥብሱት። ሸዋ ሮቢት ወይም አታየ ላሉ መሸፈኑ ያን ያህል አያስፈልግም።

ከታጠበ በኋላ በፎጣ ማድረቅ አይረሳ። ትሪው ላይ ደግሞ አታጨናንቁት። ተደራርቦ ከተቀመጠ አይጠበስም።

ቅመሙ ለአንድ መካከለኛ ራስ ጎመን፦ ሦስት ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አውራ ጣት የሚያህል የተፈቀፈቀ ዝንጅብል፣ ጨው፣ የሚጥሚጣ ቁንጥር። ኮኮናቱ መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ሲቀረው ይነስነስ። ቀድሞ ከገባ ያርራል፣ ይመራል። ሎሚው ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው የሚጨመቀው።

ደበርጃን፦ በጾም ቀን

ደበርጃን ሥጋ ሥጋ ይላል፣ ጥርስ ይይዛል። ለጾም ጠረጴዛ ክብር ይሰጣል። በጣት ውፍረት ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጨው ነክታችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩ፣ የወጣውን ውሃ ጥረጉ፣ ዘይት ቀብታችሁ አጥብሱ። አንድ ጠባይ አለው። ዘይት ይጠጣል። ትሪው ላይ ዘይት ከማፍሰስ ይልቅ በእያንዳንዱ ፊት ላይ በእጅ መቀባት ይሻላል።

የኔ አስተያየት ከተፈለገ፣ ደበርጃን ለብቻው ይደብራል። ላዩ ላይ አንድ ነገር ይፈልጋል። አቮካዶ በሎሚ ፈጭታችሁ በማንኪያ ብትጭኑበት ይድናል። አቮካዶ ከፋይበሩ ውጭ በ100 ግራም 2 ግራም የማይሞላ ካርቦሃይድሬት ነው ያለው። የቆላ ፍሬ ሆኖ ስኳሩ ከምንም የማይቆጠር ነው።

ስንግ ቃሪያ፦ ለብዙው ቤት የምመክረው

ከሁሉም የማስበልጠው ይኼን ነው። ስንግ የኛው ነው። ማንም ሰው ሲያየው «ይኼ ምንድነው?» አይልም። ሽንኩርትና ቲማቲም ተሞልቶ ጥሬውን ሲበላ የኖረ ነገር ነው። እኛ መሙያውን እንለውጣለን፣ እሳት እናሳየዋለን፣ አለቀ።

የቃሪያው ጥቅም መያዣ መሆኑ ነው። መሙያው ቢላላም አይፈስም። ስለዚህ ብዙ ማያያዣ አይፈልግም። ማያያዣ ካነሰ ካርቦሃይድሬት አነሰ ማለት ነው። ኦቭን ባይኖርም ይሠራል። ቀዝቅዞም ይበላል። ዝኩኒ እነዚህን ሁሉ አይችልም።

ለ10 ትልልቅ፣ ወፍራም፣ ብዙ የማያቃጥሉ ቃሪያዎች እንዲህ አድርጉ። ከጎን በኩል ሰንጥቃችሁ ፍሬውንና ነጩን ጅማት አውጡ። ማቃጠሉ በብዛት ያለው ጅማቱ ላይ ነው። ሰው ፍሬው ይመስለዋል። አንድ ብርጭቆ ውሃው የተንጠፈጠፈ አይብ፣ አንድ እንቁላል፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሌለበት ኮኮናት፣ ግማሽ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ደቆ የተከተፈ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዝንጅብል፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ፣ ካገኛችሁ ደግሞ ትንሽ የድንብላል ቅጠል አዋሕዱ። ሙሉት፤ ግን አትጠቅጥቁት፣ እንቁላሉ ሲበስል ያብጣል። 200 ዲግሪ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ቆዳው ሲሸበሸብና አንዳንድ ቦታ ጥቁር ነጥብ ሲያወጣ ደርሷል።

ሽንኩርቱን አታብዙ። ሽንኩርት ከቃሪያው የበለጠ ስኳር አለው። ቲማቲሙን ደግሞ ጭራሽ ተዉት፤ ውሃ ያበዛል። በግምት አንዱ ስንግ ከ3 እስከ 4 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢይዝ ነው። ሁለት የበላ ሰው ከአንድ ትንሽ ድንች በታች በላ ማለት ነው።

ስለ አይቡ አንድ ቃል። አይብ እንደ ፒዛ አይብ አይቀልጥም፣ አይለጠጥም። ባለበት ይረጋል፣ ላዩ ትንሽ ይቀላል። የሚቀልጥ አይብ የሚጠይቅ አዘገጃጀት ላይ የኛን አይብ መተካት አያዋጣም። ለመሙያ ግን ከሱ የሚሻል የለም። ሌሊቱን ወንፊት ላይ ይደር።

የቆላው ጣዕም፦ ምኑን እንውሰድ?

ሎሚ አንደኛ ነው። የኛ ትንሿ ሎሚ ሽታዋ ያለው አረንጓዴው ልጣጭ ላይ ነው። ልጣጩን በደቃቁ መፈቅፈቂያ ነካ ነካ አድርጉት፤ ነጩ ጋ ሳትደርሱ አቁሙ፣ ነጩ መራራ ነው። ልጣጩን ግማሹን መሙያው ውስጥ፣ ግማሹን ከተጋገረ በኋላ። ጭማቂው ሁልጊዜ መጨረሻ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ የጨመራችሁት ካርቦሃይድሬት ከቁጥር አይገባም።

ዝንጅብል ሁለተኛ ነው። ትኩሱ እንጂ ዱቄቱ አይሆንም። ዱቄቱ ለወጥና ለሻይ ነው፣ እዚህ ላይ አፈር አፈር ይላል።

ኮኮናት ሸዋ ውስጥ አይበቅልም። ከውጭ የመጣውን ነው የምንገዛው። ስትገዙ ጥቅሉን አንብቡ። ሁለት ዓይነት አለ፤ ስኳር የገባበትና ያልገባበት። ለኬክ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ስኳር ያለበት ነው። ያልገባበት ደረቅ ኮኮናት በ100 ግራም 24 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም ከዚያ ውስጥ 16ቱ ፋይበር ነው። ሦስት ማንኪያ ምንም አያደርግም። የኮኮናት ዘይት የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ ለምግብ የተባለውን ብቻ። ሱቅ ውስጥ ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ለድስት አይደለም። የኮኮናት ስብ ከባድ ስብ ስለሆነ ኮሌስትሮል ያለበት ሰው በልክ ይያዘው።

ማንጎ የግድ ካማራችሁ አይጋገር። ሲጋገር ማርማላታ ይሆናል። በጣም ደቆ የተከተፈ፣ ጠንከር ያለ፣ ገና ሙሉ በሙሉ ያልበሰለ ማንጎ በሚጥሚጣና በሎሚ አሽታችሁ፣ ለአንድ ስንግ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ላዩ ላይ ጣል አድርጉ። ዓይን ያያል፣ ምላስ ያገኛል፣ ስኳሩ ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ማንጎ ለትሪው ሁሉ ተርፎ ይበቃል።

ፓፓያና አናናስ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሁለቱም እሳት ሳያዩ ፕሮቲን የሚፈጭ ኤንዛይም አላቸው። ጥሬ አናናስ ወይም ጥሬ ፓፓያ ከአይብ ጋር አዋሕዳችሁ ካቆያችሁት አይቡ ይላላል፣ ይመራል። እሳት ያየ አናናስ ይህን አያደርግም፤ ሙቀቱ ኤንዛይሙን ይገድለዋል። ግን አናናስ ስኳሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ እኔ እዚህ ምግብ ውስጥ አላስገባውም።

ያልበሰለ አረንጓዴ ፓፓያ ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ነጭ፣ ጠንካራ፣ የማይጣፍጥ ነው። እንደ ዝኩኒ ተፈቅፍቆ፣ ጨው ተነክቶ፣ ተጨምቆ ይጋገራል። ሸዋ ሮቢት ገበያ አንዲት እናት ፓፓያ እየመረጡ ሲያስቀምጡ «እማማ፣ ጥሬው የለም?» ብዬ ጠየቅኩ። «ጥሬውን ምን ልታደርጊው ልጄ? ሦስት ቀን ጠብቂው ይበስላል» አሉኝ። ለድስት መሆኑን ስነግራቸው ከኬሻው ሥር ሁለት ጠንካራ ፓፓያ አወጡና በጥፍራቸው ጫር አድርገው ነጩን ወተት አሳዩኝ። ያ ወተት ጥሬነቱን ያሳያል፤ እጅ ስለሚበላ ስትልጡ ዘይት ተቀቡ ወይም ጓንት አድርጉ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ያልበሰለ ፓፓያ ባትበላ ነው የሚመከረው።

ሮቃን (ታማሪንድ የሚባለውን ኮምጣጣ የዛፍ ፍሬ) ቆላ ላይ ያደጉ ሰዎች ያውቁታል። ኮምጣጣነቱ ግሩም ነው፣ ስኳሩ ግን ከምላስ ግምት በላይ ብዙ ነው። በአንድ የሻይ ማንኪያ ብጥብጥ ላይ አቁሙ።

እንቁላል ወይስ ተልባ?

በፍስኩ ቀን እንቁላልና አይብ ያሸንፋሉ። ክርክር የለውም። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን፣ ወይም 55ቱ የሁዳዴ ቀናት ሲገቡ፣ ምርጫው ተልባና ሽምብራ ይሆናል።

የሽምብራ ዱቄት ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ቤት አለ፣ ሚንጃር ሽምብራ ደግሞ ማን ይጠላል። ግን ፋይበሩ ተቀንሶ እንኳ ግማሽ ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ከስንዴ ይሻላል እንጂ ዝቅተኛ አይባልም።

ተልባ ሌላ ዓለም ነው። በ100 ግራም 29 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚያ 27ቱ ፋይበር ነው። የቀረው ከምንም አይቆጠርም። ደግሞ በጥባጭ ሁሉ እንደሚያውቀው ውሃ ሲነካው ይወፍራል፣ ይጎትታል። ያ መጎተቱ ነው እንቁላሉን የሚተካው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የደቀቀ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ ሩብ ሰዓት ብታቆዩት የአንድ እንቁላል ሥራ ይሠራል። ለ10 ስንግ የጾም መሙያ ሁለት እንዲህ ያለ ብጥብጥ፣ አንድ ሲኒ የተፈጨ ለውዝ፣ አንድ ሲኒ ኮኮናትና በደንብ የተጨመቀ የተከተፈ ጥቅል ጎመን በቂ ነው። አገሩ ተልባ እያበቀለ ከውጭ የመጣ ማያያዣ መፈለግ እኔ አይገባኝም።

የተልባ መሙያ እንደ እንቁላል አያብጥም፣ ስለዚህ ቃሪያውን ጥግብ አድርጋችሁ ሙሉት። ተልባ ፋይበሩ ብዙ ስለሆነ ከምግቡ ጋር ውሃ ይጠጣበት።

ኦቭን፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ ወይስ ከሰል?

ኦቭን ካለ ክርክሩ አጭር ነው። ሁሉም አትክልት ይሆንበታል።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ከታች ብቻ ነው የሚያሞቀው። ላዩን አያቀላም። አበባ ጎመንን በጣት ውፍረት ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ገልበጥ እያደረጋችሁ ማጥበስ ይቻላል። ስንግ ግን ምንም አይቸግረውም። ምጣዱን በጣም ሳታግሉት፣ ዘይት ነክታችሁ ደርድሩበትና አክምባሎውን ድፉበት። ሩብ ሰዓት ሲሞላው ወደ ጎንና ጎኑ ዘንበል ዘንበል አድርጉት፣ የተሰነጠቀው በኩል ግን ወደ ታች አይዙር።

ከሰሉ ደግሞ የራሱ ጣዕም አለው። ድፎ ዳቦ የደፋ ሰው ዘዴውን ያውቃል፤ እሳት ከታች፣ እሳት ከላይ። ብረት ድስት ውስጥ የኮባ ቅጠል አንጥፉ፣ ስንጉን ደርድሩ፣ በብረት ክዳን ግጠሙ፣ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጉ። ከታች ያለው እሳት ለስለስ ይበል፣ ከላይ ያለው በርታ ይበል። ኮባው እንዳያርር ይጠብቃል፣ ሽታውም ወደ ቃሪያው ይገባል። ለኮኮናትና ለሎሚ ይኼ የኮባ ሽታ እንዴት እንደሚስማማ ቀምሶ ማየት ነው።

ግን እባካችሁ በር ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ። ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ብርዱ በር ያዘጋል፣ አውቃለሁ። የከሰል ጢስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፣ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ምድጃው ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን፣ የተጋገረው ብቻ ይግባ።

ለማን የትኛው?

ስኳር ላለበት ቤተሰብ የምታዘጋጁ ከሆነ ስንጉን በአይብ ሥሩ፣ ማንጎውን ለብቻው በትንሽ ሳህን አቅርቡ። የፈለገ ይጨምር፣ ያልፈለገ ይተው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን የካርቦሃይድሬት መጠኑን በድንገት ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱ በፊት በሚበላው ልክ የታዘዘ ስለሆነ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ ከምግቡ አዘገጃጀት ሁሉ ይቀድማል።

ለብዙ እንግዳ፣ ኦቭን ካለ፣ አበባ ጎመን። አንድ ትሪ በአንዴ ይወጣል፣ መሙላትና መጠቅለል የለም። ለጾም ድግስ ደበርጃን በአቮካዶ ወይም ስንግ በተልባ። ዝኩኒን ለራሳችሁና ለልጆች፣ እሑድ ጠዋት ጊዜ ሲኖር።

ማታ ሠርታችሁ ጠዋት የምታቀርቡ ከሆነ ከአራቱ ስንጉን ብቻ ምረጡ። ሳትጋግሩት ሞልታችሁ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ እንግዳ በር ሲያንኳኳ እሳት ላይ ይግባ። የተረፈውን በማግስቱ ስታሞቁ ኦቭን ወይም ምጣድ ላይ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ማይክሮዌቭ ውሃ ያስወጣዋል። ሎሚውን ሲሞቅ እንደ አዲስ ጭመቁበት፣ የትናንቱ ሽታ ሌሊት ጠፍቷል።